ሳይበርድ፣ ሳያልቅ፣ ሳልናደድ

ቤይሩት፣ ሐምራ
ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፣ ለደሴ መናኸሪያዋ የፓስቲ ንግሥት፤

እማዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ስለሺ፣ አንተም ይህን የምታነብላት ቁጭ ማለቷን አይተህ ይሁን። የደም ብዛት ኪኒኗን መዋጧንም ጠይቃት። «ውጫለሁ» ካለችህ አትመናት፣ ብልቃጡን እይ። ጎረቤት ብትሆንም እንደ ልጇ ነህ፣ ብትቆጣህም ቻላት።

እማዬ፣ እሙሽ በሕይወት አለች። እህቴ አልሞተችም። በዓይኔ አይቻታለሁ፣ አንገቷ ስር ተወሽቄ አልቅሻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ በደስታና በጥድፊያ ነው፣ ስለሺ ጽሕፈቴን ማንበብ ቢያቅተው አትፍረጂበት።

በስልክ ያልነገርኩሽ አምና ያ ወስላታ ደውሎ «ልጅሽ በሕይወት አለች» ብሎ ሲቀልድብሽ የሆንሽውን ስለማውቅ ነው። አሁን እኔም ብደውል አታምኚኝም ነበር። ስለዚህ ጓደኛዬ መቅዲ አገር ስትገባ ደብዳቤውን በእጇ ላክሁልሽ፣ ማስረጃውንም ስለሺ ሲያነብልሽ ትሰሚዋለሽ።

አምና መስከረም ጦርነቱ ሲበረታ የእሙሽ አሠሪዎች በሩን ከውጭ ቆልፈውባት በአውሮፕላን ሄዱ። ከዚያ በከተማው ዳርቻ ያለው ሕንፃቸው ተመታ። ያስቀጠራት ቢሮም «ከዚያ ሕንፃ የወጣ ሰው የለም» ብሎ አረዳን። አንቺም ድንኳን ተክለሽ አለቀስሽ፣ ከል ለበስሽ፣ እንደ ስለሺ አባባል ፓስቲሽንም ዝም ብለሽ መሸጥ ጀመርሽ። ድምፅሽ ከመናኸሪያው ጠፋ ሲለኝ ከሞቱ እኩል ነው የተሰማኝ።

እኔ ረሺዳ የምትባል ሴት ቢሮ አጸዳለሁ። ረሺዳ ዶክመንተሪ ትሠራለች። ተረት አይደለም የምትሠራው፣ የትልልቅ ሰዎችን ጉድ ነው የምትቆፍረው። የአሁኑ ፊልሟ ሕዝቡ በባንክ ያስቀመጠውን ማውጣት አቅቶት ሲሰለፍ የራሳቸውን ሀብት ወደ ውጭ አገር ስላሸሹ ባለጸጎች ነው። አንደኛው በውጭ አገር ባሕር ዳርቻ ያሉ ቪላዎችን የገዛው በሞተች አክስቱ ስም ነው አሉ! ሰዎቹ ሲሸሹ በር የቆለፉባቸውን የቤት ሠራተኞችም ፈልጋ ታነጋግራለች። ሻንጣ ሲታሰርና ስልክ ሲደወል ማንም ሠራተኛዬ ትሰማኛለች ብሎ አይደበቅም። በአማርኛ የተናገሩትን እንድተረጉምላት መጥረጊያዬን አስቀምጣ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችኝ።

ሴቶቹ እንዳይታወቁ ፊታቸው ጨለማ ነው፣ ድምፃቸውንም በማሽን አጎርንነውታል። ወሬው ከመጀመሩ በፊት ማይኩን ለመሞከር «የመጣልሽን ተናገሪ» ይባላሉ። አንዷ ቁርሷን ተናገረች። ሌላዋ አባታችን ሆይ አለች። ቀጥላ የመጣችው ጉሮሮዋን ጠርጋ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ፓስቲ! ትኩስ ፓስቲ! ሳይበርድ፣ ሳያልቅ፣ ሳልናደድ!»

በጎረምሳ ድምፅ፣ እማዬ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ መልሼ መልሼ ከፈትኩት። በአገሩ ፓስቲ ሻጭ ሞልቷል። «ሳልናደድ» እያለ ገበያተኛ የሚያስፈራራ ግን ካንቺ በቀር ማን አለ?

«ማን ናት? ስሟን ንገሪኝ» አልኳት ረሺዳን።

«ሂሩት፣ ስም አልናገርም። ያኒ፣ ማለቴ ለነሱ ቃል ገብቻለሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

«እሺ፣ ስም አትንገሪኝ። ደውይላትና የፓስቲ ሻጯ ሌላኛዋ ልጅ እዚህ ተቀምጣለች በያት። ካልፈለገች ይቅር።»

ረሺዳ ስልኳን ይዛ ወጣች። ያን ጊዜ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ «ያላ፣ ጫማሽን አድርጊ» ብቻ አለችኝ።

ቡርጅ ሐሙድ የሚባል ሰፈር ወሰደችኝ። በሩን የከፈተችው እሙሽ ናት። ከስታለች፣ ግን ያው እሙሽ ናት፣ እየተቃቀፍን እንኳን «ወፈርሽ» አለችኝ።

ሕንፃው ሳይመታ በፊት የበሩን ቁልፍ ሰብሮ ያወጣት ዘበኛው ነው፣ ያህያ ይባላል። ስልኳም ፓስፖርቷም የኔም ቁጥር እዚያው ፍርስራሽ ስር ቀሩ። በኋላ ከአገር ሰው እንደተለቀሰላት ሰማች። «ታዲያ ለምን አልደወልሽም?» ብዬ ጮህኩባት። መልሱ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ተኝቶ ነበር።

ስለሺ፣ እዚህ ላይ ውሃ ስጣት።

እማዬ፣ አያት ሆነሻል። ልጅቷ ፋሲካ ትባላለች። አባቷ ያ በሩን የሰበረው ያህያ ነው። ሶርያዊ ነው፣ በሃይማኖት ከኛ አይደለም፣ ሠርግም አልተደገሰም። ሳስጌጥልሽ አላድርም። ቀን በግንበኝነት ይሠራል፣ ማታ የልጅቷን ጨርቅ ያጥባል፣ ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ። ፋሲካ አፍንጫዋ ቁርጥ ያንቺ ነው። ስታለቅስ እሙሽ የምታባብላት በዚያው በጥሪሽ ነው፣ «ሳልናደድ» የሚለው ላይ ስትደርስ ትንሿ ትንከተከታለች።

ፊልሙ ባለፈው ሳምንት ወጥቷል። የእሙሽ ፊት አይታይም፣ አትስጊ። ለሞተችው አክስት ቪላ የገዛላት የእሙሽ አሠሪ ነበር ለካ። የሱን ነገር ለረሺዳ ትቻለሁ። የሞተችው ቤት ተገዛላት፣ የኛይቱ በቁሟ ተለቀሰላት፣ ይኼ ብቻ ነው የሚያንገበግበኝ።

እሙሽ አሁንም አልደውልም ብላለች። ቦምብ ያልገደላት ልጅ ያንቺን ድምፅ ፈርታለች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፣ «እማዬ ተናዳብኝ ይሆን?» እኔ ምን ብዬ ልመልስ?

አንቺው መልሺላት። ከሉን አውልቂና ነጭሽን ልበሺ። ነገ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ቁሚና እንደ ድሮሽ ተጣሪ። መቅዲ በስልኳ ቀድታ ትልክልኛለች። ጥሪውን እስከ መጨረሻው ቃል ካደረስሽው፣ እሙሽ ይገባታል።

ያለቀስሽውን ሁሉ በሳቅ የሚክስሽ፣ የልጅ ልጅሽንም በጉልበትሽ ላይ የሚያስቀምጥልሽ አምላክ ጤና ይስጥሽ። ስለሺ፣ ላነበብክበት ጉሮሮ ፓስቲ ይገባሃል፣ ከትኩሱ ትስጥህ።

ልጅሽ ሂሩት