የምሕረት መታወቂያ

ሰኞ

ላጲስ ብቻ! ላይብረሪያን ለመሆን ስልጠና ብዬ ገብቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ መጻሕፍት ላይ የተሰመረ እርሳስ በላጲስ ስፈገፍግ ቆየሁ። ከክፍል በኋላ የምንሰለጥነው ሦስት ተማሪዎች ነን። የሚያሠለጥኑን የትምህርት ቤታችን ላይብረሪያን ጋሽ ሽኩር ናቸው። «መጽሐፍ የሁሉም ነው፤ የአንድ ሰው የእርሳስ ምልክት ሊኖርበት አይገባም» አሉ።

የተማርኩት፦ መጽሐፍ የሚወስድ ተማሪ መታወቂያውን ያስይዛል። መጽሐፉ ሳይመለስ መታወቂያ አይሰጥም። ለማንም።

ማክሰኞ

የመታወቂያ ሳጥኑን ስናጸዳ ምሕረትን አገኘኋት። እህቴን። ፎቶው ላይ ሳቋን በግድ የያዘች ትመስላለች። ከሞተች አራት ወር ሆናት።

«እስከ ዓርብ ባለቤቱ ያልመጣ መታወቂያ ቢሮ ሄዶ ይሰረዛል» አሉ ጋሽ ሽኩር።

የተዋሰችው የባዮሎጂ መጽሐፍ እማ ጋ ነው። እማ ማንበብ አትችልም። ግን ጠዋት ጸልያ ስትጨርስ ትገልጠውና ምሕረት ያሰመረችውን መስመር በጣቷ ትከተላለች።

ረቡዕ

ለእማ ነገርኳት። መጽሐፉን ከመለስን መታወቂያዋን እንወስዳለን አልኳት።

«ፎቶማ አለኝ። እጇ ያረፈው ግን እዚህ ላይ ነው» አለች።

ስለ ላጲሱ አልነገርኳትም።

ሐሙስ

ሰረቅኩ። ጋሽ ሽኩር ዐስር ሊሰግዱ ሲወጡ መታወቂያዋን ኪሴ ከተትኩ። አብሮኝ የሚሰለጥነው ተመስገን፣ «ናቲ፣ ምነው ኳየር መሃል መዝሙር እንደጠፋው ሰው ሆንክ?» ብሎ ሳቀብኝ። ባጃጅ እንኳ ሳልይዝ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

እማ መታወቂያውን አገላብጣ አየችው።

«መጽሐፉ እኔ ጋ እያለ ሰጡህ?»

መታወቂያውን መልሳ እጄ ላይ አኖረችው።

«የልጄን ስም በስርቆት አታምጣብኝ። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ዓርብ

እማ በምሳ ሰዓት መጣች። መጽሐፉን በነጠላዋ ጠቅልላዋለች። ጋሽ ሽኩር ከወንበራቸው ተነሡ። «እናቴ፣ አላህ ያጽናዎት» አሏት።

መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና መስረቄን ተናገርኩ።

«አንድ እንደጎደለ ትናንት አውቄያለሁ። አንተ እስክትናገር ነው የጠበቅኩት» አሉ።

መጽሐፉን ተቀብለው መዝገቡ ላይ «ተመልሷል» ብለው ጻፉ፤ መታወቂያውን በሁለት እጃቸው ለእማ ሰጧት። እሷ ከወጣች በኋላ ላጲሱን መጽሐፉ ላይ አኖሩት።

«ጋሽ ሽኩር፣ ይሄን አልችልም።»

«ሥራው ነው።» ሰዓታቸውን አዩ። «ጁምዓ ደረሰብኝ። እስክመለስ ላይብረሪያኑ አንተ ነህ።»

ላጲሱን አነሣሁ። አስቀመጥኩት። መልሼ አነሣሁት።

በዚህ መሃል ከቡታጅራ ተዛውራ የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ገባች። ባዮሎጂ ትፈልጋለች። ያለው ይሄው አንዱ ነው። ገለጥ ገለጥ አደረገችው።

«በእርሳስ ተሰምሮበታል እኮ!»

«ላጥፋልሽ?»

«ኧረ ተው! ዋና ዋናውን ነው ያወጣልኝ። የማን ነበር?»

«የእህቴ።»

መጽሐፉን መዝግቤ ሰጠኋት፤ የልጅቷን መታወቂያ ተቀብዬ የምሕረት የነበረበት ቦታ ላይ አስገባሁት።

ጋሽ ሽኩር ሲመለሱ መዝገቡን አዩ፤ ቀጥለው ላጲሱን አዩ። ጠረጴዛው ላይ አንድም የላጲስ ፍርፋሪ የለም። እስከ ትናንት በየቀኑ ስንለያይ «ነገ እንገናኝ» ይሉኝ ነበር፤ ዛሬ «ሰኞ እንገናኝ» አላሉኝም።

ሰኞ እሄዳለሁ።