ኮምፒውተሩ ያላየው ሰርግ

ማክሰኞ፣ ጥር 19

አሁንም አያየውም። ሲዲ ሮሙ ቁልፉን ስጫነው መሳቢያውን ያወጣል፣ መብራቱም ብልጭ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ግን «እንዲህ ያለ ዕቃ በሕይወቴ አላውቅም» ባይ ነው። መካድ ከወንድሜ ተምሯል።

ወንድሜ ካሣው «አባባ የማንጎ ማሳውን ለአንቺ ሲሰጥ ማን ሰማ?» ብሏል። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ሰርጌ ላይ ድንኳን ሙሉ ሰው ሰምቷል። ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ከካሣው ጋር መጣላት አይፈልግም። አባባም ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። የቀረኝ ምስክር የሰርጉ ሲዲ ብቻ። እሑድ ማሳው ያለበት ግራና ላይ ሽማግሌ ይቀመጣል። ባለቤቴ ወገቡን ከታመመ ወዲህ ቤታችን የቆመው በዚያ ማሳ ነው።

ዛሬ ያደረግኩት፦ አጥፍቼ አበራሁ። ሲዲውን በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩ። የመዝሙር ሲዲ ሞከርኩ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ጎኑን መታሁት። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ በዚህኛው አልኮራም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ሌላ ማጫወቻ ፍለጋ መርሳ ከተማን ዞርኩ። የዘንድሮ ላፕቶፕ ሲዲ የሚጎርስበት አፍ የለውም። የጎረቤቴ ዴክ በጦርነቱ ጊዜ ከነቴሌቪዥኑ ሄዷል።

ወልድያ ላለው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ለሰለሞን ደወልኩ።

«እትዬ ዘነቡ፣ አሁንም ሲዲ ላይ ነዎት?» ብሎ ሳቀብኝ። «ይዘውት ይምጡ። ነገ ግን አስተርዮ ማርያም ናት፣ አልከፍትም።»

እኔም በዓሉን አከብራለሁ። የዘንድሮው ግን ቀኑን አልመረጠም።

ዓርብ፣ ጥር 22

ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ታቅፌው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ባልቴት «ስንት ወሩ ነው?» አሉኝ። «ዐሥር ዓመቱ ነው፣ አልናገር ብሎ ነው» አልኳቸው። «እመቤቴ ትማርልሽ» አሉ።

ሰለሞን ጎኑን ፈታና ጭንቅላቱን አከከ። ጠጋኝ ጭንቅላቱን ሲያክ አልወድም። ለካ ሲዲ ሮሙ ሁለት ገመድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፣ ሌላው ያነበበውን ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። ሁለተኛው የለም! ለዚህ ነው መሳቢያው እየወጣ እየገባ ሲያሞኘኝ የከረመው።

«ማን ነቀለው?» አልኩ።

ራሱ ነው። አምና ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ሲያስገባልኝ ገመድ አጥሮት፣ ከዚያ ነቅሎ እዚህ ሰክቶ ኖሯል።

«ሲዲ ማን ያያል ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ።»

አዲስ ገመድ ሰካበት። ሲዲው ጉር ብሎ ዞረ። እልል ልል ስል መብራት ሄደ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ቤቴ ገብቼ ከፈትኩት። ሰርጉ ወጣ። ቀጭን ነበርኩ። አባባ ብድግ አለ፣ በከዘራው ወደ ታችኛው ማሳ አመለከተ፣ አፉን ከፈተ።

ዘፈን ወጣ።

ቪዲዮ ቀራጩ ንግግሩን አጥፍቶ የሙሽራ ዘፈን ጭኖበታል። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። ሦስቱንም ጊዜ አባቴ በሴት ድምፅ ዘፈነ።

ባለቤቴ «ቢሆንም ይዘሽው ሂጂ፣ ባዶ እጅ ከመሄድ» አለኝ። ወደ ስልኬ ገለበጥኩት።

እሑድ፣ ጥር 24

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ስልኩን ታላቃቸው አባ ወልዴ ያዙት። ዘፈኑ ሲመጣ ካሣው ሳቀ።

«ይኸው! ዘፋኟን ነው ምስክር የቆጠርሽ?»

ያን ጊዜ ቪዲዮው ላይ ካሣው ራሱ ከወንበሩ ተነሳ፣ አጨበጨበ፣ ጎንበስ ብሎ የአባባን ጉልበት ሳመ። እኔ አባባን ብቻ ሳይ ይህን ልብ አላልኩትም ነበር።

አባ ወልዴ ቀና አሉ። «አንተ ካሣው፣ ጉልበት የሳምኸው ዘፈኑ አምሮህ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ካሣው አልሳቀም። ስልኩን ተቀበላቸውና ድምፁን አጥፍቶ መልሶ ከፈተው። አባባ ያለ ድምፅ ሲናገር ትንሽ አየና፣ ከከንፈሩ ጋር አብሮ መናገር ጀመረ፦

«የታችኛው ማንጎ የዘነቡ ነው። የቦዩን ውሃ ግን በተራ ተካፈሉ።»

ዓይኑን በእጁ ጠረገ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ማንጎው የእኔ ነው። ቦዩ በእኔ ማሳ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ከዚህ በኋላ ግማሹ ቀን የካሣው ነው።

አባባ ስለ ውሃ መናገሩን አላስታውስም። ቤት ገብቼ ድምፁን አጥፍቼ ደግሜ አየሁት። ስለ ማንጎ ብቻ ለሚናገር ሰው፣ ከንፈሩ ብዙ ይንቀሳቀሳል።