ስለ ክር ማጠንጠኛዋ እና ስለ አክስቴ መዳፍ

ለተከበሩ የከተማ አቀፍ የኅብረት ዜማ ፌስቲቫል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነስቼ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ በተለይም የጆሮዎ ጤና፣ ምንጊዜም እንዲጠበቅ ምኞቴ ነው። ይህን የምለው ስልክ በደወልኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለሚነገረኝና ያን ያህል ንግግር መስማት ጆሮን ሳያደክም እንደማይቀር ስለምገምት ነው።

እኔ የድሮው ፈትል ፋብሪካ ሙዚየም ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስል ግን እንዳይሳሳቱ፤ ትኬት የምቆርጠውም፣ ወለሉን የምጠርገውም፣ አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ የምንጠላጠለውም እኔው ነኝ። ሙዚየማችን ሁለት ክፍል ብቻ ሲሆን፣ በውስጠኛው ክፍል የፋብሪካው የመጨረሻዋ ክር ማጠንጠኛ ማሽን ትገኝ ነበር። «ትገኝ ነበር» ማለቴን ልብ ይበሉልኝ። ሠራተኞቹ «እሜቴ» ይሏታል፤ ጀርባቸውን ከሰጧት ተቀይማ ክር ትበጥሳለች እያሉ።

አክስቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው በእሜቴ ላይ ነው፤ ጆሮዋንም እዚያው ጨርሳዋለች። በዚያ ጩኸት መሀል ሴቶቹ እርስ በርስ መደማመጥ ስለማይችሉ፣ መዳፋቸውን የማሽኖቹ ብረት ላይ አሳርፈው ምቱን በእጃቸው እየተቀበሉ ይዘፍኑ ነበር። አክስቴ አውጪ ነበረች፣ ሌሎቹ ተቀባይ። ዛሬ በር ቢወረወር እንኳ አትሰማም። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እሜቴን ሳስነሳላት መዳፏን የማሽኗ ጎን ላይ ታሳርፍና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንድም ምት ሳትስት ታወጣ ነበር፤ የድሮ ባልደረቦቿም ይቀበሏት ነበር። ያ ዜማ ከእርሷ በቀር አውጪ የለውም፣ የእርሷም ዕድሜ ከፌስቲቫሉ በኋላ የጀመራችሁት ግምገማ እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም።

እንግዲህ ቅሬታ ማቅረብ ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጽሕፈት ቤትዎ «ትንንሽ ሙዚየሞችን እናሳትፋለን» ብሎ ስላሰበን ከልብ እናመሰግናለን። የላኩልን ባለሙያ በእውነት ጨዋ ልጅ ናት፤ ሴቶቹ ሲዘፍኑ ዕንባዋን ጠርጋለች፣ በስልኳም ቀርጻለች። አክስቴ ያንን ዕንባ አይታ በቃ ሰዉ ሊሰማን ነው ብላ አዲስ ሻሽ ገዛች። እኔም ከእርሷ ብሼ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

፪. በበዓሉ ዋዜማ የጭነት መኪና ስለላኩልን እናመሰግናለን። ሹፌሩ የያዘው ወረቀት «የሙዚየሙ ተሳትፎ፦ አንድ ማሽን» ይላል። እኔ ሞኙ ሴቶቹ በትልቁ መድረክ ሊዘፍኑ ነው ብዬ፣ ብሎኑን በገዛ እጄ ፈታሁ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኔ ደግሞ መጥረቢያውን አቀብያለሁ።

፫. በማግስቱ መርሐ ግብሩ ወጣ። እሜቴ በትልቁ አዳራሽ ለመድረክ ማስዋቢያ፣ ሴቶቹ ደግሞ እዚያው ሙዚየም ውስጥ በዚያው ሰዓት እንዲዘፍኑ ተመድበዋል። ይህን ያቀናበረውን ሰው ባገኘው ግንባሩን እስመው ነበር! ደወልኩ፣ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሰዉ ግን መጣ፤ እስከ ደረጃው ድረስ ቆሞ ጠበቀ። አክስቴ አዲሱን ሻሿን አስራ ገባችና እጇን ወደለመደችው ቦታ ዘረጋች። ከወለሉ ላይ የብሎን ቀዳዳ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ግድግዳውን ነካች፤ ግድግዳ ምን ምት አለው? እንዲሁ አወጣች፤ ተቀባዮቹ ገና ሳይጨርሱ ሌላውን ስንኝ ጀመረችና ፊታችንን አይታ ቆመች። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ቆመች። ከዚያ ለሰዉ ሁሉ ዝቅ ብላ ይቅርታ ጠየቀችና ወጣች። ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ የጠየቀችው እርሷ ናት! ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ስንኝ ከአፏ አልወጣችም። እኔም እስካሁን ንዴቴ አልበረደልኝም፤ የምደብቅበት ምክንያትም አይታየኝም።

፬. ስለ ቀለሙ። ያንኑ ቀን ወደ አዳራሹ ሮጬ ብሄድ፣ እሜቴን ከእግር እስከ ራሷ ወርቅማ ቀለም ቀብታችሁ አገኘኋት። አጠገቧ እንደኛው የተጋበዙት የሰዓት ሙዚየም የግድግዳ ሰዓትና የፖስታ ሙዚየም የደብዳቤ ከረጢት እንደ እርሷው ወርቅ ተቀብተው ተሰልፈዋል፤ ባለሙዚየሞቹ ጓደኞቼ ከኋላ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ከእነዚህ ዕቃዎች ፊት ባለ ዩኒፎርም መዘምራን በድምፅ ማጉያ ይዘፍናሉ፤ ከበላያቸው «ሁሉም ድምፅ ይሰማል» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ቀለሙ የእሜቴ ጥርሶች መሀል ገብቶ ደርቋል፤ እንኳን ክር ልታጠነጥን መንቀሳቀስም አትችልም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላል የአገሬ ሰው። የእናንተስ ከዚያም ያልፋል፣ ነቅላችሁ ስታበቁ ወርቅ ቀባችሁት።

፭. በመጨረሻም በፖስታ ስለደረሰን የምስክር ወረቀት። የአክስቴ ሙሉ ስም በትክክል ተጽፏል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባል። ከሥሩ «በፌስቲቫሉ ላሳዩት ንቁ አድማጭነት» ይላል። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችውና ጎኗን ይዛ ሳቀች፣ እስክታለቅስ ድረስ። አሁን የእሜቴ ባዶ ቦታ ላይ ሰቅለነዋል፤ ጎብኚ ሁሉ ከርሱ ፊት ነው ፎቶ የሚነሳው።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አንድ ናት። እሜቴ እስካሁን ከአዳራሹ ጀርባ ደረጃ ሥር ተጥላለች፤ «ግምገማው ሳያልቅ ንብረት አይወጣም» ተብለናል። ትመለስልን። ቀለሙን እኛው በቤንዚን እናጥበዋለን፣ ብሎኑንም እኛው እናስራለን። እኔ እሜቴን ማስነሳት የምፈልገው አክስቴ በሕይወት እያለች ነው።

በታላቅ አክብሮት፣ ከአክብሮቱም በማያንስ ብስጭት፣ ለትንንሾች ያለዎት ትልቅ አሳቢነት ደግሞ እንዳይደርሰን እየተማጸንኩ፣

ታዛዥዎ፣
የወርቅማ ማሽን ባለቤት፣ የባዶ ክፍል ኃላፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላስረክብ ትናንት ከአክስቴ ጋር ወደ ቢሮዎ መጥተን ነበር፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስንመለስ ከመስኮትዎ ሥር ያለው ጄኔሬተር ዱብ ዱብ እያለ ይሠራ ነበር። አክስቴ በአጠገቡ ስታልፍ መዳፏን አሳረፈችበት፤ ቆመች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ዜማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ምት ሳትስት አወጣችው። ሊያባርራት የመጣው ጥበቃም ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እስክትጨርስ ቆመ፤ ጄኔሬተሩ ጠዋት ጠዋት እንደሚነሳም በምስጢር ነገረን። ስለዚህ እሜቴ እስክትመለስ ድረስ፣ ከነገ ጀምሮ ተቀባዮቹ በሙሉ ከአክስቴ ጋር በየማለዳው ይመጣሉ። መስኮትዎን ቢዘጉ ቅር አይለንም፤ ስብሰባው ላይ እንዳሉ እግርዎን ወለሉ ላይ ያሳርፉ፣ ምቱ ይደርስዎታል።