ስሰድበው ዝም ያለ ዕለት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የአራተኛውን ፎቅ ፕላን ዛሬም መለስኩት። ኮለኑ፣ ምሰሶው ማለት፣ ከታች አንድ ቦታ፣ ከላይ ሌላ ቦታ። ፕላን ነዳፊው "ትንሽ እኮ ነው የተዛነፈው" ይለኛል። ትንሽ! ሕንፃ "ትንሽ" ሲወድቅ አይቶ ያውቃል? ጮህኩበት። ጸሐፊዋ ሻዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንደ ድመት ሹልክ ብላ ወጣች።

አመሻሽ ላይ ልጄ መጣች። "አባዬ፣ ከጋሼ ሎጋው ጋር ተራራውን ትወጣላችሁ ወይስ ወሬ ሆኖ ይቀራል?"

እንሄዳለን አልኳት። ለኔ ተራራ ምኔ ነው? የቢሮውን ደረጃ ስወጣ እንኳ ጉልበቴ ይንቋቋል። ግን ሎጋው ባለፈው ዓመት ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከክሊኒኩ ቤቱ፣ ከቤቱ ክሊኒኩ ነው። መጋረጃ አይገልጥም። ውጭ አገር ሄደን ተራራ ብንወጣስ ስለው ሳያመነታ "እሺ" አለ። ዓይኑ የበራ መሰለኝ። ለሱ ስል ገደልም እገባለሁ።

ቁመቱ ከትከሻዬ አያልፍም። ሎጋው ያልነው ዩኒቨርሲቲ፣ ማደሪያ ክፍል ሳለን ነው። ዛሬ የተከበረ የጥርስ ሐኪም ሆኖም በበሽተኞቹ ፊት ሎጋው እለዋለሁ። እሱም የባሰ ይመልስልኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ደረስን። የማረፊያው ግድግዳ እርጥበት ይዞታል፤ ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ መስኮቱ አይገጥምም። ለእንግዳ ተቀባዩ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሎጋው ክንዴን ያዘና "ወንድሜ፣ ቤት ልንረከብ አይደለም የመጣነው" አለኝ።

አስጎብኚያችን በአርባዎቹ ያለች ሴት ናት፤ አነጋገሯ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። የምንግባባው በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ እሷም ትሰብረዋለች፣ እኛም እንሰብረዋለን። "ቀስ ብሎ መሄድ። ውሃ መጠጣት። ራስ ምታት የሚደብቅ ሰው ከኔ ጋር አይወጣም" አለች።

ሎጋው በኛ ቋንቋ፣ "የአማቴ ነፍስ እዚህች ሴት ውስጥ ነው ለካ የገባችው" አለ።

ሳቅሁ። ሲቀልድ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ…

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጥድ፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ድንጋይ ብቻ። አስጎብኚዋ እንደ ሙሽራ ነው የምትራመደው። "ፈጠን በይ እንጂ!" አልኳት። "ተራራው የትም አይሄድም" አለችኝ። ደሜ ፈላ። ልመልስላት ቀና ስል… ሸለቆው ሙሉ ደመና። ከእግራችን በታች። ተመስገን አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

"እግዜርም ዛሬ ፕላኑ ተፈረመለት!" አለ ሎጋው።

መጠለያው ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣ ጠየቀችን።

"ራስ ምታት?"

"ደህና ነን።"

"ሌላ የሚያምማችሁ?"

"ደህና ነን።"

ጉልበቴ አብጧል። ብነግራት ትመልሰናለች። እሱ ሳቅ በጀመረ ሳምንት? አላደርገውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ስለ ጉልበቴ አልጽፍም። ነገ ጫፉ ላይ ነን።

ሎጋው እራቱን አልነካም። "ሾርባው ጨው በዝቶበታል" አለ። ቀመስኩት። ጨው የሚባል የለውም። ምን ነካው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት ተነሳን። ጫፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ከኋላ፣ በበትር ተደግፌ። ሎጋው ከፊቴ፣ ቆም ቆም እያለ። "ምን ይጎትትሃል፣ አንተ ድንክ! ጥርስም የምትነቅለው እንዲህ ነው?" አልኩት።

ዝም።

ይህ ሰው ስሰድበው መልስ አጥቶ አያውቅም። በሚስቱ ቀብር ቀን እንኳ ክራባትህ ጠማማ ነው ብለው፣ "አንተ እያለህ ክራባቴ ብቻ ነው የጠመመው?" ብሎኛል። ደገምኩት፤ የማይጻፍ ስድብ። ዞሮ አየኝ። ፈገግ አለ፤ የማላውቀው ፈገግታ። "ቁምሳጥኑን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል" አለኝ።

የምን ቁምሳጥን?

"ቁሙ!" ብዬ ጮህኩ። አስጎብኚዋ ተመለሰች። "ምን ሆነ?"

"ሰድቤው ዝም አለ!"

እብድ ነው ሳትለኝ አልቀረችም። ግን ቀጥ ብሎ እንዲራመድ አዘዘችው። እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ሌላ ቃል አላባከነችም፤ "ወደ ታች! አሁኑኑ!"

እሱ ግን በጣቱ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ "አይሆንም… እሱ ጫፉን ማየት አለበት… እሱ…"

እሱ ማለት እኔ!

ግራና ቀኝ ደግፈን አወረድነው። ጉልበቴ ማበጡንም ረሳሁ። አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ ስለው ዋልኩ። ታችኛው መጠለያ ስንቃረብ፣ ድምፁ ደክሞ፣ "ቀስ በል እንጂ፣ አንተ በሬ… ክንዴን ገነጠልከው" አለኝ።

ተሰድቤ በደስታ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው።

አርብ፣ ጥቅምት 22

ክሊኒክ። ኦክስጅን አድርገውለት አደረ። ሐኪሙ "አየር ሲሳሳ አንጎል ያብጣል። ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን…" ብሎ አልጨረሰውም። ባይጨርሰውም ገባኝ።

ሎጋው ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ይበላል።

"ራሴን ያመመኝ ከሰኞ ጀምሮ ነው።"

"ታዲያ ምነው አፍህ ተለጎመ?"

"አንተን ብዬ ነዋ! ልጅህ ደውላ፣ 'ጋሼ፣ አባዬ ከሰው ሁሉ ተጣልቶ ብቻውን ቀረ፤ ተራራ ካነሳብህ እንቢ እንዳትለው' ብላ ለመነችኝ። እኔማ መሰላል እፈራለሁ።"

"እኔኮ ያንተን መጋረጃ ላስከፍት ነው የመጣሁት! ጉልበቴ ይሄው፣ ዱባ አክሏል!"

ተያየን። ከዚያ እሱ ሲስቅ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ።

አስጎብኚዋ ምን እንደሚያስቀን ጠየቀች። ተረጎምኩላት። "ሁለታችሁም መምጣት አልፈለጋችሁም?" አለች። ስለ ይሉኝታ ላስረዳት ሞከርኩ። "እኛ ይሄን ጅልነት ነው የምንለው" አለችኝ። ቆይታ ግን፣ "ከእንግዲህ ሰውን ለየብቻው ነው የምጠይቀው" አለች።

ከሰው ሁሉ ተጣልቶ… ልጄ ናት ይህን ያለችው? ብቆጣ ደስ ባለኝ። መቆጣት አቃተኝ። ሎጋው እያንኮራፋ ነው፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ። ተመስገን። ያንኮራፋ።

እሁድ፣ ኅዳር 8

ጠዋት ከሎጋው ጋር ወንዝ ዳር ልንሄድ ነበር። ሜዳ ለሜዳ። ደወለ።

"ዛሬ አልመጣም።"

"አመመህ?"

"አላመመኝም። ፊትህ ሰለቸኝ።"

"ተመስገን" ብዬ ዘጋሁት።

ወዲያው ልጄ ደወለች። "አባዬ፣ ብቻህን ነህ? ልምጣ?" ሁልጊዜ የምላትን ልላት ነበር፤ አትድከሚ፣ ሥራ አለኝ። አፌ ሌላ ተናገረ። "ነይ። ብቻዬን መብላት አልወድም።"

"መጣሁ፣ አባዬ" አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ሽንኩርት ልክተፍ…