ቀለሙ አይደለም፦ የቀለም ቀቢው የጋሽ ብሩሽ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም ጋሽ ብሩሽ የምንላቸው ቀለም ቀቢ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ ከአጎታቸው ጋር ቤት መቀባት ጀመሩ። እጃቸው የተመሰገነ ስለነበር ሥራ ፈተው አያውቁም። በ1984 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው፣ በ1990 ዓ.ም. ሚጣ የምንላትን አንድያ ልጃቸውን ወለዱ።

የሚጣ አንገት አልጸና አለ፤ የሚጥል በሽታም ያዛት። የጭንቅላት ምስል ስትነሣ፣ መሸብሸብ የነበረበት የአንጎሏ ገጽ ልሙጥ ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ወሬ ተነሣ፤ ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ሳሉ የጋሽ ብሩሽን የሥራ ልብስ ሲያጥቡ የቀለሙ ሽታ ጽንሱን ጎዳው ተባለ። ይህን ያለ ሰው አንድም ማስረጃ አልነበረውም። አፍ ብቻ ነበረው። ያ አፍ ዛሬም እዚሁ መካከላችን ቆሟል፤ ይስማ።

ጋሽ ብሩሽ ግን አመኑ። ባለቤታቸው ቢለምኗቸውም፣ "እኔው ነኝ ያበላሸኋት" ብለው ብሩሻቸውን ጥለው የመጋዘን ጥበቃ ሆኑ። መሰላላቸው የጎረቤት ዶሮዎች ማደሪያ ሆነ።

በ2008 ዓ.ም. የሦስቱም ደም ተመረመረ። ሐኪሟ እንዳስረዱት፣ ጽንስ ሳለን የአንጎል ሕዋሳት ከውስጥ ተነሥተው ወደ ላይኛው ገጽ ይጓዛሉ፤ በሚጣ ግን ይህን ጉዞ የሚመራ አንድ ዘረ-መል ስለተለወጠ ሕዋሳቱ መንገድ ላይ ቀሩ። ለውጡ በእናትም በአባትም ደም አልተገኘም፤ በእሷ የጀመረ ነው።

"ታዲያ ቀለሙስ፣ ዶክተር?"

"ቀለሙ የለበትም፣ አባቴ። እርስዎም የሉበትም።"

የዚያኑ ዕለት ዶሮዎቹ ተፈናቀሉ። ጋሽ ብሩሽ መጀመሪያ የቀቡት ለዓመታት ቀለም ያልነካውን የሚጣን ክፍል ነው፤ በቢጫ። ሚጣ ሳሎን ተቀምጣ፣ መሰላሉ ሲጥ ሲጥ ባለ ቁጥር ትስቅ ነበር። ወሬውን ያስጀመሩት አማታቸው በር ላይ ቆመው "ኧረ ሽታው!" ቢሉ፣ "ይግቡ እማማ፣ ይቺን ጥግ እርስዎ ይጨርሷት" ብለው ብሩሹን አስያዟቸው። ቀቡ። ጥጓ ዥጉርጉር ሆና ቀረች፤ ጋሽ ብሩሽም እንድትስተካከል አልፈቀዱም።

ከዚያ ወዲህ አቅማቸው እስኪደክም በሙያቸው ሠሩ። ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በልብ ሕመም ዐረፉ። ልብ ነው፤ ቀለም አይደለም። የተጠራጠረ ሐኪማቸውን ይጠይቅ።

ባለቤታቸው፣ ሚጣና አማታቸው በሕይወት አሉ። ለማጽናናት የሚመጣ ሰው ሚጣ ክፍል ገብቶ ይቀመጥ፤ ጥጓንም ይያት።

ብዙ ዓመት በወሬ የነሣናቸውን ዕረፍት ፈጣሪ ለነፍሳቸው ይስጥልን።