የልጄ ክብደት በልብስ ሚዛን

ጥቅምት 4
ሰባት ኪሎ ከሦስት መቶ። ትናንት ሰባት ከአራት መቶ ነበረች... መቶ ግራም የት ሄደ?
ልብስ የማጥብበት ላውንደሪ ሳይከፈት የልብስ ሚዛኑ ላይ ፎጣ አንጥፌ አስቀመጥኳት። በየቀኑ እንዲህ አደርጋለሁ። ልብስ የሚተኩሰው ሰውዬ፣ "ይቺ እኮ አንሶላ አይደለችም፣ እህቴ" አለኝ። ልጄ ሳቀችለት። ዐሥር ወሯ ነው። ትድሃለች፣ የሰው ጫማ ታሳድዳለች። ብቻ ቀጭን ናት። እንደ ትልቋ ልጄ።

ጥቅምት 7
አማቴ መጡ። የልጄን ክንድ በሁለት ጣታቸው ለክተው ከንፈራቸውን መጠጡ።
"ለሁለት ወር ስጪኝ፣ አወፍሬ እመልስልሻለሁ።"
"እማማ፣ ጡት እኮ አልተወችም።"
"ጡትሽማ..." አሉና ዝም።
ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ትልቋን ቀብረን ስንመለስም እንዲሁ ዝም አሉ። በዓመት ከአንድ ወሯ ትኩሳት ነው የወሰዳት፣ ሐኪሞቹ ነግረውናል። ግን ወፈር ብትል ኖሮ ትቋቋመው ነበር? ወተቴ ውኃ ነበር? ይህን ማንንም ጠይቄ አላውቅም።
ባሌ "እሁድ እንወስን" አለ።

ጥቅምት 9
ሰባት ከሁለት መቶ።
ምሳዋን በማንኪያ ታገልኳት። አፏን ገጠመች፣ ቀጥላ ሹራቤ ላይ ተፋችው። አለቀስኩ። እንባዬን በጣቷ ነካችና ቀመሰችው... እሱን ወደደችው!

ጥቅምት 10
ልብስ የሚተኩሰው ሰውዬ፣ "ፎጣውን ንኪው እስቲ" አለኝ። እርጥብ ነው። አንዳንድ ቀን ከማድረቂያው አነሳለሁ፣ አንዳንድ ቀን ከገመድ ላይ። እኔ ሁሌ የደረቅ ፎጣ ክብደት ነው ከሚዛኑ የምቀንሰው። ለካ ሲጨምር ሲቀንስ የከረመው ፎጣው ኖሯል!
"ዐሥራ ሁለት ዓመት ልብስ አጥበሽ!" ብሎ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።
ቅጥነቷስ? እሱ ከፎጣው አይደለም። ነገ ሐኪም ዘንድ።

ጥቅምት 11
አማቴም አብረውን ሄዱ። ዶክተሯ ልጄን አገላብጣ አየቻት፣ ደሟን አስመረመረች። ደህና ናት። የእድገት ካርዷ ላይ ያለውን የክብደት መስመር በእስክሪብቶ አሳየችን። "ዝቅ ያለ ነው፣ ግን አይወርድም። የራሷን መንገድ ይዛ እየወጣች ነው። አባቷ ሕፃን ሳለ እንዴት ነበር?"
ባሌ ወደ እናቱ ዞረ። አማቴ የቦርሳቸውን ዚፕ ከፈቱ፣ ዘጉ።
"እሱ... ከእሷም ይቀጥን ነበር። ሰው እንዳያይብኝ ሦስት ሹራብ ደራርቤ ነበር የማወጣው።"
"እማዬ! ፎቶው ላይ ሁሉ ላብ በላብ የሆንኩት ለዚህ ነው?"
ዶክተሯ ሳቀች። ምግብም ጤናም ለክብደት ወሳኝ ነው፣ በየወሩ አምጧት አለች። ግን የሰውነት አቋምም በዘር ይወረሳል። ቶሎ መጥገብ እንኳ ከወላጅ ሊመጣ ይችላል። "በግድ አታጉርሷት።"
በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። የትልቋን ካርድ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ለምን ይዤው እንደሄድኩ እንጃ... ዶክተሯ ትኩር ብላ አየችው።
"የተራበች ልጅ መስመር እንዲህ አይደለም። ወተትሽ አይደለም። ትኩሳቱ ነው።"
ደረጃው ላይ አማቴ እጄን ያዙኝ። "ቅጥነቱ ከእሱ እንደመጣ አውቅ ነበር እኮ፣ ልጄ። አፍሬ ነው።"
 እጃቸውን አልለቀቅሁም።

ጥቅምት 12
እሁድ። ልጄን ስለመውሰድ ማንም አላነሳም። አማቴ አበሏት። ሦስት ማንኪያ በልታ አፏን ገጠመች። "በቃት" ብለው ሳህኑን አነሱ።

ኅዳር 11
ክትትል ነበራት። ወረፋ ላይ ድንቡሽ ያለ ልጅ የታቀፈች ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። "ስንት ልጆች አሉሽ?" አለችኝ። ሌላ ጊዜ አንድ እላለሁ፣ ብዙ እንዳይጠይቁኝ።
"ሁለት። ትልቋ ሞታብኛለች።"
"እግዜር ያጽናሽ።" ልጄን አየቻት። "እሷም እንደዚህች ቀጭን ነበረች?"
"አዎ" አልኳት። "አባታቸውን ነው የወጡት።"