የሙዚቃ ቤቴ የመጨረሻው አርብ

ግንቦት ፭ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.
አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት

ይድረስ ድሬዳዋ ላለው ለእንየው፤

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱን ለመድከው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ሙዚቃ ቤቱን ዘጋሁት። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

"አላልኩሽም ነበር?" እንደምትል አውቃለሁ። ብለሃል። ግን ያኔ "ዝጊውና አብረን እንሂድ" ስትለኝ ካሴት የሚገዛ ሰው ገና ነበር፤ ሰርግ የደገሰ ሁሉ እኛን ለቀረጻ ሳይጠራ አይድርም ነበር። አሁን ዘፈን ሁሉ በስልክ ሆነ። ቤቱንም ባለቤቱ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው። መደርደሪያውን ስነቅል ግድግዳው ላይ የካሴቶቹ ቅርጽ ታትሞ ቀርቶ አየሁና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማልቀሱስ አለቀስኩ፤ ግን ልነግርህ የፈለግሁት አርብ ዕለት የሆነውን ነው።

ጠዋት ገበያው ሳይሞላ እማማ አመተ ሥላሴ መጡ። የአያ ጥጋቡ ሚስት፣ ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን በታች ያሉት። አያ ጥጋቡ አምና ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። እማማ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ካሴት ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ክሩ ተበጥሶ ተዘርግፏል።

"የልጃችን ሰርግ ነው" አሉኝ። "የጥጋቡ ድምፅ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ልትዘጊ ነው ሲሉኝ ገሥግሼ መጣሁ። ይድን ይሆን ልጄ?"

"ይቀመጡ እናቴ፣ እንሞክረዋለን" አልኳቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ይድናል ብዬ አላመንኩም። ክሩን ቴፑ አኝኮታል።

ብሎኑን ፈታሁ። የተበላሸውን በምላጭ ቆርጬ ጫፉን ከጫፍ በፕላስተር ቀጠልኩት፤ በእስክሪብቶ ቀስ እያልኩ ጠቀለልኩት። ትንሽ ጠንከር አድርጌ ብስበው የአያ ጥጋቡ ድምፅ ሄደ ማለት ነው።

ይኸኔ ሥዩም ገባ። ጎረቤቴ ነው፤ ስልክ ይሸጣል፤ ዘፈን በሜሞሪ እየጫነ ደንበኞቼን የወሰደብኝ እሱ ነው። እማማን አየ፣ ካሴቱን አየ።

"ስትከፍቺው እኔ ልቅዳው" አለኝ። "ዳግመኛ ቢበጠስ እንኳ ድምፁ ይተርፋል።" ሱቁን ዘግቶ ሽቦ ይዞ ተመለሰ። ሞንታርቦውንም ተሸክሞ አምጥቶ ደጃፌ ላይ ተከለው። "ይኼማ ገበያው ሊሰማው ይገባል" አለ።

ከፈትኩት። መጀመሪያ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ማሲንቆ መጣ። ቀጥሎ አያ ጥጋቡ፦

"ዘራፍ! የአመተ ሥላሴ ባል!"

ሌላው በአባቱ፣ በበሬው ይፎክራል። እሳቸው ሰርግ ሙሉ ሰው ፊት በሚስታቸው ፎከሩ! ገብስ የሚሰፍረው ነጋዴ ስፍሩን እንደያዘ ቆመ። አህያ የሚጭኑት ጭነታቸውን አወረዱ። እማማ ከወንበራቸው ተነሡና በሩ ላይ ቆመው "አለሁ! አለሁልህ!" ብለው መለሱላቸው። ሳያለቅሱ እልልታውን አቀለጡት። ሴቱ ሁሉ ተቀበላቸው። እንየው፣ ያን የመሰለ እልልታ በሰርግም ሰምቼ አላውቅ።

ከዚያማ ማን ያቁመን! የእኛንም ክፈቺልን፣ የእኛንም ክፈቺልን አሉኝ። አንተና እኔ እየዞርን የቀረጽናቸውን ሰርጎች እያወጣሁ ከፈትኩ፤ የየቤቱን ሰርግ ለየባለቤቱ አስረከብኩ። የሥዩም ስልክ እስኪግል ቀዳ። አሮጊት ከወጣት እኩል እስክስታ ወረደ። መዘጋት እንዲህ ከሆነ ሌላም ሱቅ በኖረኝና በዘጋሁት!

የአያ ጥጋቡን ደግመን ስንከፍት ከወገዳ የመጣ አንድ ነጋዴ ጠጋ ብሎ "ይህን ማሲንቆ የሚመታው ማነው? እንዲህ ያለ እጅ አልሰማሁም" ብሎ ጠየቀኝ። የሚያውቁን ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ምን ልበል? "ድሮ እዚህ የነበረ ሰው ነው" ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

"ባሌ ነው" አልኩት።

ሞንታርቦው ስለሚጮህ አልሰማኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩለት፦ "ባሌ ነው! እንየው ይባላል!" ገበያው ሰማ። እኔም ሰማሁት።

ቅዳሜ ቁልፉን ለባለቤቱ ቀና ብዬ አስረከብኩ። ሥዩም ከሱቁ ግማሹን ለቅቆልኛል፤ የቀሩትን ካሴቶች አብረን እንገለብጣለን። ሰርግ ቀርጹልን የሚሉንም እየመጡ ነው፤ የሚታጣው ማሲንቆ መቺ ብቻ ነው። መንገዱ እንደሆነ ክረምት እስኪገባ ደኅና ነው፤ ከደብረ ታቦር የሚነሣው መኪና በጊዜ ይደርሳል። ይህን የጻፍኩት እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

የቤተ ልሔሟ ማርያም ባለህበት ትከልልህ፤ ጣቶችህን ትባርክልህ፤ ክፉ አይንካህ።

ሚስትህ እመቤት